ከቤቱ በላይ የወጣው ግቢ

አንድ ሰው ቤት ሲሠራ ከግድግዳው በፊት ውሃውን አሰበ። ባሻ ወንድይራድ ይባሉ ነበር። መሬታቸው ተዳፋት ላይ ነው፤ ከበላይ ያለው ጋራ በክረምት የሚለቀው ውሃ ሁሉ በእሳቸው በኩል ካላለፈ ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ ገና አንድ ምሰሶ ሳይቆም፣ ከቤቱ ጀርባ ተነሥቶ በጎን ዞሮ፣ በግቢው ሆድ ውስጥ አልፎ ታች ፈፋው ድረስ የሚወርድ ቦይ በድንጋይ አስገነቡ። ላዩን በጠፍጣፋ ድንጋይ አስከደኑት፤ በአራት ቦታ ደግሞ ሁለት ሰው የሚያነሣው ክዳን አደረጉለት። «ሰው ጆሮውን እንደሚጠርግ፣ ቤትም የሚጠረግ ቀዳዳ አለው» ይሉ ነበር። በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ ክዳኖቹን አስነሥተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቅጠሉንና ደለሉን በገዛ እጃቸው ያወጣሉ። እንግዳ ቢመጣ እንኳ አያቋርጡም። ሚስታቸው ወይዘሮ አመለወርቅ በዚህ ያፍሩ ነበር። «ባሻ ተብሎ ቦይ ውስጥ ተንበርክኮ!» ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ደግሞ እንግዳው እንዲሰማላቸው ጮክ ብለው ነው።

ዓመት ዓመትን ወለደ። ባሻ የተከሉት ዝግባ ከጣሪያው በላይ ወጣ፤ ሾላው ግማሹን ግቢ በጥላ ሸፈነው። ባሻም አረጁ፣ ሞቱም። የሞቱት በሐምሌ ነው። ለቀስተኛው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ወይዘሮ አመለወርቅ በአንድ ዓይናቸው ባላቸውን እያለቀሱ በሌላው የሰዉን ጫማ ያዩ ነበር። በማግስቱ ሁለት መኪና ቀይ ገረጋንቲ ተገልብጦ በግቢው ላይ ተበተነ። ግቢው ደረቀ፣ ቀላ፣ አማረ። ሰው ሁሉ አመሰገነ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ክፉ ነገር መቼ በክፉ ይጀመራል!

ለአርባው አንድ መኪና መጣ። ለተዝካሩ ሌላ። የመጨረሻው ልጅ ደምሰው ሲዳር ሁለት፣ ለመልሱ አንድ፤ ልጆቹ ክርስትና ሲነሡ በየጊዜው አንድ አንድ። ጎረቤት ሲሞትም «የእናንተ ግቢ ሰፊ ነው» እየተባለ ድንኳኑ እነሱ ዘንድ ይተከላል፤ ያን ጊዜም እድሩ በፈንታው ያለብሰዋል። ደስታም መጣ ሐዘን፣ ግቢው አዲስ ልብስ ይደርባል፤ አሮጌውን ግን ማንም አያወልቅለትም። አንዴ አንድ ጣት፣ አንዴ ሦስት ጣት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። የቦዩ ክዳኖች ተቀበሩ። የት የት እንደሆኑ የሚያውቁት ባሻ ነበሩ፤ እሳቸውም ተቀብረዋል።

በዚያ ቤት የቀረችው ታላቂቱ ልጅ ትርንጎ ናት። አንድ ጊዜ አግብታ፣ አንድ ጊዜ ፈትታ፣ አንድ ሣጥን ይዛ «ለጊዜው» ብላ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ጊዜው ሃያ ስድስት ዓመት ሆነ። ከተመለሰች በሦስተኛው ክረምት ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፉን ተሻግሮ ገባ። ደፉን በአንድ ረድፍ ድንጋይ ከፍ አደረጉት። በሚቀጥለው ዓመት ውሃው በወለሉ ሥር መጣ። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አላደረገም፤ ትርንጎ ባልዲ ገዛች እንጂ። ዝናብ ሲያጉረመርም ሌላው ሰው ከገመድ ላይ ልብስ ያወርዳል፤ ትርንጎ ምንጣፍ ትጠቀልላለች። ከዚያ በጣሳ እየጨለፈች፣ በባልዲ እየሞላች፣ በመስኮት እየደፋች ትውላለች። የሌላ ሰው ወገብ በእርሻ ይጎብጣል፤ የሷ ሳሎን ውስጥ ጎበጠ።

በመጨረሻው እናቷ አልጋ ያዙ። የተኙት በኋላ በኩል ባለው ክፍል፣ በጋራው ፊት ለፊት ነው። የአልጋው እግሮች በብሎኬት ላይ ቆመዋል። ከራስጌ ያለው የጭቃ ግድግዳ አብጦ ሆዱን ገፍቷል፤ ኖራው እንደ ራሰ ዳቦ እየተላቀቀ ይወድቃል። ወይዘሮ አመለወርቅ ሲስሉ ግድግዳው አብሮ የሚስል ይመስላል። ሐኪሙ «ከርጥበት ያውጧቸው» ብሏል። ደምሰው ወደ ቤቱ ሊወስዳቸው ጠይቋል፤ እሳቸው ግን «ከባሌ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። ትርንጎ ከእንግዲህ ከዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷ ይህን ክረምት በደረቅ ክፍል ውስጥ እንዲከርሙ። ይህ ብዙ ነው አይባልም። ሆኖም ሲጠየቅ ብዙ ሆኖ ተገኘ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ጋሽ ጫንያለውን አስጠራች። ጋሽ ጫንያለው መሬት ቆፋሪ ናቸው፤ የውሃ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ መጸዳጃ ይቆፍራሉ፣ መቃብርም ይቆፍራሉ። መጥተው ቤቱን አላዩም። በሩ ላይ ቆመው እግራቸውን ያያሉ።

«ደረጃው የታለ?» አሉ።

«የምን ደረጃ?»

«ይህ ቤት ሦስት ደረጃ ነበረው እኮ። ባሻ ቤት ሳልጠጣ ወጥቼበት፣ ጠጥቼ ወርጄበታለሁ። ሁለተኛው ላይ ወድቄ ጥርሴን አጥቻለሁ።»

ትርንጎ ወደ እግሯ ተመለከተች። ከግቢው ወደ ቤት የሚገባ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ታች ይወርዳል። በየቀኑ ትወርደዋለች። መቼ መውጣት ቀርቶ መውረድ እንደተጀመረ ልታስታውስ ብትሞክር አልመጣላትም።

ጋሽ ጫንያለው ዶማቸውን አንሥተው ከበሩ ትይዩ አንድ ጉድጓድ ቆፈሩ። ቀይ መጣ፣ ደግሞ ቀይ፣ በመካከሉ ስስ ጥቁር፣ ደግሞ ቀይ። እንደ መጽሐፍ ገጽ በላይ በላዩ ተነባብሯል። የለስላሳ ቆርኪ ወጣ፣ ዝገት የበላው የድንኳን ካስማ ወጣ፣ የሴት ጫማ ተረከዝ ወጣ።

«ይህ የማን ይሆን?» አሉ ተረከዙን በጣታቸው ይዘው።

«የኔ ነው» አለች ትርንጎ። «የደምሰው ሰርግ ቀን ነው የተነቀለብኝ። ቀኑን ሙሉ እያነከስኩ አስተናገድኩ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ።» መልሰው ቆፈሩ። ክንድ ከስንዝር ሲደርሱ ቀዩ አለቀና እርጥብ ጥቁር አፈር ታየ። ጋሽ ጫንያለው ዶማቸውን ተደግፈው ተነፈሱ። «ግቢያችሁ ይህ ነው፤ እዚህ ታች። ከዚህ በላይ ያለው ድግስ ነው። ቤታችሁን በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጣችሁታል፤ ከላይ የመጣውን ውሃ ቦዩ አይቀበለው፣ ግቢው አያሳልፈው። ምን ያድርግ? ውሃ ይሉኝታ የለውም። ዝቅ ያለውን ያያል፣ ይገባል።»

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሥራው ነው። የቤቱ ዙሪያና የፊቱ ግቢ በሙሉ በክንድ ይወርዳል። ቦዩ ይከፈታል፣ ይጠረጋል። ግን ከአሁኑ ልንገርሽ፤ ክረምቱን ሙሉ ግቢው ቁስል ሆኖ ነው የሚከርመው። የሚያየው ሰው ይጸየፈዋል።»

ትርንጎ እሺ አለች። ጋሽ ጫንያለው ዲጂኖና አካፋቸውን አምጥተው ሾላው ሥር አጋደሙና ሰኞ እጀምራለሁ ብለው ሄዱ።

እሑድ ደምሰው መጣ። ቁፋሮውን አይቶ በሩ ላይ ቀረ።

«እትዬ፣ አብደሻል እንዴ?»

«ገና ነኝ።»

«ዘንድሮ ነው ግቢ የሚቆፈረው? እማዬ እንዲህ ሆና?»

«እንዲህ ስለሆነች ነው እንጂ።»

ደምሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ቢሆንስ? ድንኳኑ የት ይተከላል?»

«የምን ድንኳን?»

«አታድርቂኝ። ታውቂዋለሽ።»

«በአፍህ በለው።»

«የለቅሶው ነዋ!»

«እናትህ አልሞተችም።»

«ሞተች አልኩ እንዴ? አስቀድመን እናስብ ነው ያልኩት። የሚስቴ ዘመድ፣ የመሥሪያ ቤቴ ሰው፣ አገር ምድሩ መጥቶ ቦይ ውስጥ ይቀመጥ? በወንድይራድ ቤት ለቀስተኛ ጉድጓድ ገባ ይባል?»

ከውስጥ ሳል ተሰማ፤ ከሳሉ ቀጥሎ ድምፅ። «ደምሰው እውነቱን ነው!» ወይዘሮ አመለወርቅ ናቸው። መድኃኒት ውሰጂ ሲባሉ የማይሰማው ጆሯቸው ለለቅሷቸው ሲሆን ንቁ ነበር።

ትርንጎ ገብታ አልጋው አጠገብ ቆመች። «እማዬ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ እኮ አንቺ አትቀመጪም።»

«እኔ ባልቀመጥ ሰው ይቀመጣል። ቀብሬን ሰው እንዲስቅበት ነው የምትፈልጊው?»

«አንቺ እዚህ ስትስይ ለሰው አይሰማም።»

«እሱማ ጥሩ ነው» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ። «ባይሰማ ነው የሚሻለው።»

ትርንጎ እናቷንም ወንድሟንም አየች። ልትናገር የምትችለው ብዙ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ነበር። ግን ደክሟት ነበር። የደከመ ሰው «እሺ» ለማለት ጉልበት አያስፈልገውም፤ ጉልበት የሚፈጀው «እምቢ» ነው። እሺ አለች። ደምሰው የወጣውን አፈር በጫማው ጫፍ እየገፋ ወደ ጉድጓዱ መለሰውና፣ የእናቱን ግንባር ስሞ ሄደ። ደግ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሁሉ ሲያደርግ ደግ ነው።

ሰኞ ጋሽ ጫንያለው መጡ። ትርንጎ ዓይናቸውን ሳታይ፣ «ይቅርብን፣ ለዘንድሮ ግቢው እንዳይበላሽ ተባለ» አለቻቸው። ለምን እንደሆነም ነገረቻቸው። ጋሽ ጫንያለው አልተቆጡም፣ አልሳቁምም። ዲጂኖውን ከሾላው ሥር አነሡና ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«እኔ መቃብርም እቆፍራለሁ» አሉ። «ስቆፍር ውሃ ከመጣ አቆማለሁ። ዘመድ ይጠራል፤ ይታያል፤ ሌላ ደረቅ ቦታ ይፈለጋል። ይህን ያህል ዘመን ስቆፍር አንድም ሰው ‹ግድ የለም፣ ውሃው ላይ ይተኛ› ብሎኝ አያውቅም። ለሬሳው ይሳሳሉ።» ዲጂኖውን ትከሻቸው ላይ አመቻቹና፣ «በይ ደህና ዋይ» ብለው ወጡ።

ትርንጎ ይህን ነገር ቀኑን ሙሉ አልሰማሁም ለማለት ሞከረች። አልሆነላትም።

ሰኔ ከገባ በሳምንቱ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ ጋራው ላይ ተቀደደ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነበር። ትርንጎ ምንጣፉን ጠቅልላ ሳትጨርስ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አለፈ። ጨለፈች፣ ደፋች፣ ጨለፈች። በኋላኛው ክፍል ውሃው የመጀመሪያውን ብሎኬት ውጦ ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ከራስጌ በኩል ከግድግዳው አንድ ክንድ የሚያህል ጭቃ ተገምሶ ውሃው ላይ ወደቀና አልጋው ላይ ተረጨ። ወይዘሮ አመለወርቅ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበዋል።

«ትርንጎ» አሉ።

«አቤት እማዬ።»

«ግቢውስ? ውሃ ተኝቶበታል እንዴ?»

ትርንጎ ባልዲውን እንደያዘች በመስኮት አየች። ግቢው ታጥቦ እንደ በርበሬ ቀልቷል። አንዲት ጠብታ አልቋጠረም። «ግቢው ደህና ነው» አለች። «ሰርግ ይደገስበታል። ውሃው እኛ ጋ ነው።»

«ተመስገን» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ፤ ከልባቸው ነበር።

ትርንጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እግሮቿ ውሃው ውስጥ ናቸው። ሳቋ መጣ። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ በመሀል ሌላ ነገር ሆነባት። ባልዲው ከእጇ አምልጦ በክፍሉ ውስጥ እንደ ታንኳ እየዞረ ሄደ፤ አልተከተለችውም።

በማግስቱ ጠዋት አካፋ ይዛ ወጣች። ሰው አልጠራችም፣ አላማከረችም። ከበሩ ጀምራ ቆፈረች። አንዲት ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «ምን ጠፋባችሁ ትርንጎ?» አለቻት።

«ደረጃ» አለች ትርንጎ።

ረፋዱ ላይ ጋሽ ጫንያለው በመንገድ ሲያልፉ አዩዋት። «አልነገርኩሽም ወይ» አላሉም። ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉና፣ «ያን ወገብ አትግደይው፣ ቦታ ልቀቂ» አሏት።

አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ቀዩ አፈር በጋሪ እየተጫነ ወጣ። ደረጃዎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። በስድስተኛው ቀን የመጀመሪያው ክዳን ተገኘ፤ ሲነሣ ከሥሩ ቦይ አልታየም፣ የሾላ ሥር ብቻ ነው፤ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል።

«ሾላውን እንጣለው?» አለች ትርንጎ።

«ሾላው ምን አጠፋ? ማንም የማያየው ርጥብ ቤት አገኘ፣ ገባ። ባሻም በየዓመቱ ሥሩን ይቆርጡ ነበር እንጂ ከዛፉ ጋር አልተጣሉም። ዛሬ እንቁረጠው፤ የዛሬ ዓመት ደግሞ ትመጪና ትቆርጪዋለሽ። የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የሚያልቅ ሥራ ከፈለግሽ መቃብር ነው።»

በእነዚህ ቀናት ደምሰው አልመጣም። በሰው ግን ላከ፤ «ከእንግዲህ የሚሆነውን ኀፍረት ብቻዋን ትሸከም» አለ። ወይዘሮ አመለወርቅም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዝም አሉ። ትርንጎ ታጎርሳቸዋለች፣ ይጎርሳሉ፤ ታጥባቸዋለች፣ ይታጠባሉ፤ ቃል ግን የለም። ቀን መሬት ትቆፍራለች፣ ማታ ከእናቷ ጀርባ ጋር ትቀመጣለች። ከሁለቱ የቱ እንደሚከብድ ብትጠየቅ ለመመለስ አትቸገርም ነበር።

የሐምሌ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ መጣ። ትርንጎ ምንጣፉን ጠቀለለች፣ ባልዲውን ያዘች፣ መሀል ሳሎን ቆመች። ጠበቀች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል። ወለሉ ደረቅ ነው። ደግሞ ጠበቀች። ሃያ ዓመት ከምናምን በየክረምቱ የመጣ እንግዳ ሲቀር ሰው ግራ ይጋባል፤ እጇን ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። ከኋላኛው ክፍል ድምፅ ተሰማ።

«ይህ የምን ድምፅ ነው?»

ትርንጎ ሮጣ ገባች። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከመሬት በታች፣ አንድ ወፍራም ነገር እያጉረመረመ ይሄዳል። «ውሃው ነው እማዬ። በመንገዱ እየሄደ ነው።»

ወይዘሮ አመለወርቅ አዳመጡ። ፊታቸው ወደ ትርንጎ ዞሯል። «ባሻ እያሉ ክረምት እንዲህ ነበር ድምፁ» አሉ። ቆይተውም፣ «ረስቼው ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ግቢው ግን አስቀያሚ ሆኗል ይባላል» አሉ።

«በጣም አስቀያሚ ነው።»

«እንግዲህ እኔ አላየው» አሉ። «ይህን የላይኛውን ብርድ ልብስ አንሺልኝ፤ ሞቆኛል።»

ትርንጎ ብርድ ልብሱን አነሣች። ለማጠፍ ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

ወይዘሮ አመለወርቅ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አረፉ። ሳሉ ከሐምሌ ጀምሮ ቀንሶላቸው ነበር፤ ሞት ግን ሞት ነው፣ እርጅናን ቦይ አያፈሰውም። በደረቅ ክፍል፣ በደረቅ አንሶላ፣ ጠዋት ላይ ሄዱ።

ከቀብር መልስ እድሩ የድንኳን ቋሚ ተሸክሞ በር ላይ ቆመ። የእድሩ ዳኛ ግቢውን አዩ፤ እዚህ ጉድጓድ፣ እዚያ የድንጋይ ክምር፣ መሀሉ ጭቃ። «የት እንትከለው?» አሉ። ደምሰው ከጉድጓዱ ወደ ድንጋዩ ክምር ዓይኑን አንከራተተ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከኋላው ቆመዋል፤ የሚስቱ ዘመዶች ቀሚሳቸውን ሰብስበዋል። ኀፍረቱ ከሐዘኑ እኩል ፊቱ ላይ ይነበባል። ያኔ ዝናብ ጀመረ።

«ግቡ» አለች ትርንጎ። «ቤት ግቡ።»

ሰዉ አመነታ። ሠላሳ ዓመት በዚያ ግቢ በልቷል፣ ጠጥቷል፣ አልቅሷል፤ ቤት ግን ገብቶ አያውቅም። እየተገፋፋ ገባ። ሳሎኑ ሞላ፣ ጓዳው ሞላ፣ የኋላኛውም ክፍል ሞላ፤ ሰው በወለሉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ተቀመጠ። እንባው ጋብ ሲል ዓይን መዞር ጀመረ። በኖራው ግድግዳ ላይ ቡናማ መስመሮች አሉ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ ክፍሉን ሁሉ ዞረው የሚሄዱ። የላይኛው የተቀመጠ ሰው ትከሻ ላይ ይደርሳል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ አንዲት ባልቴት፤ የባላቸው ለቅሶ በዚያ ግቢ የተለቀሰላቸው ናቸው።

«ውሃ ነው እማማ» አለች ትርንጎ።

«የመቼ?»

ትርንጎ በጣቷ አሳየች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ለቁጣ የሚተርፍ ጉልበት አልነበራትም። «ይህኛው ደምሰው የተዳረ ዓመት ነው። ይህ ከፍ ያለው የእርስዎ ባለቤት ያረፉ ዓመት። ያ ደግሞ የደምሰው ሁለተኛ ልጅ ክርስትና።»

ባልቴቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዝናቡ በውጭ ይወርዳል፤ ውሃው በሥር ያልፋል፤ ያ ሁሉ ሰው ደረቅ ወለል ላይ ተቀምጧል። ደምሰው ጀርባውን ያስደገፈው ግድግዳው ላይ ነበር፤ ዞሮ መስመሩን አየ፤ በእጁም ነካው።

«እትዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ በሹክሹክታ።

«ነገርኩህ» አለች። «ድንኳን ስትተክል ነበር።»

የአርባው ዋዜማ ላይ አንድ ገልባጭ መኪና በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ቀይ ገረጋንቲ እስከ አፉ ጭኗል። ያዘዘው ደምሰው ነው። እጁ ነው ያዘዘው ማለት ይሻላል፤ ልማድ ከልብ ቀድሞ ይነሣል። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ጌታው፣ የት ልገልብጠው?» አለ።

ደምሰው በሩን ይዞ ቆመ። ግቢውን አየ፣ የተከፈተውን ቦይ አየ። ትርንጎ ከቤት ወጥታ ታየዋለች። «ተው» አላለችውም። ይህን ያህል ዓመት «ተው» ብላ ጨርሳለች።

«ከመንገዱ ዳር ያ ትልቅ ጉድጓድ አለ አይደል?» አለ በመጨረሻ። «ሁልጊዜ መኪና የሚይዘው?»

«አዎ።»

«እዚያ ገልብጠው።»

መኪናው ወደ ኋላ እያንቋረረ ሄደ። ደምሰው ጫማውን ጭቃው ላይ እያሳረፈ ግቢውን አቋርጦ መጣ። ትርንጎ «ጎበዝ» ለማለት አቅም አልነበራትም፤ ግን ቤት ገብታ ወንበር አቀረበችለት። ድግስ በሌለበት ቀን፣ ማንም ሳያየው፣ በእናቱ ቤት ውስጥ ተቀመጠ።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ ልብ በሉ። ለሰው ዓይን ብለን የምናፈሰው ነገር ጠፍቶ አይቀርም፤ የሆነ ቦታ ይቆለላል፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚቆለለው ቤታችንን የሚያደርቀው ቀዳዳ ላይ ነው። ማንም በክፋት አልደፈነውም፤ ሁሉም ሰው እንግዳን ላክብር ብሎ አንድ አካፋ ጨመረ። ለሚሞተው ድንኳን ስናሰናዳ በሕይወት ያለው ሲርስ አይታየንም። ቤትንም፣ ትዳርንም፣ አገርንም ቢሆን የሚያቆመው በዓመት አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቆሻሻውን የሚያወጣ ሰው ነው፤ ያም ሰው ሲሠራ አያምርም፤ ስናየውም እናፍርበታለን።

አሁን መጽሐፉን ወይም ስልኩን አስቀምጣችሁ አንድ ነገር ጠይቁ። በእናንተ ቤት፣ ግቢው ለእንግዳ እንዲያምር ሲባል፣ ከውስጥ ባልዲ ይዞ የቀረው ማን ነው? ስንት ዓመቱስ ነው?